ለማንም እንዳትናገሪ

አዲስ የትምህርት ቤት አማካሪዎች በሚሠለጥኑበት አዳራሽ አንዲት ወጣት እጇን አወጣች። «ተማሪዋ ገብታ ገና ሳትቀመጥ ‹ቲቸር፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር፤ ግን መጀመሪያ ለማንም እንደማትናገሪ ቃል ግቢልኝ› ብትለኝ ምን ልበላት?» ስትል ጠየቀች። ከአዳራሹ ግማሹ «እሺ በያት፣ አለዚያ ትዘጋሻለች» አለ። ሌላው ግማሽ «አይሆንም በያት፣ ኋላ አንቺው ትጠየቂበታለሽ» አለ። የሻይ ሰዓት ደረሰና ጥያቄው ተንጠልጥሎ ቀረ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከአእምሮዬ ሊወጣ አልቻለም። ሁለቱም መልሶች ስህተት ናቸውና፤ ስህተታቸውም ልጅ የሚያሳጣ ነው።

«እሺ» ያለችውን አማካሪ እንውሰድ። ልጅቷ ቀጥላ ራሷን ለማጥፋት እንዳሰበች ብትነግራት አማካሪዋ መያዣ መጨበጫ ይጠፋታል። ቃሏን ጠብቃ ዝም ብትል ልጅቷ አደጋ ላይ ናት። ቃሏን አፍርሳ ለወላጅ ብትደውል ልጅቷ ለዚያ ሰሞን ትተርፍ ይሆናል፤ ነገር ግን ትልቅ ሰው እንደማይታመን ተምራ ትሄዳለች፤ ሌላ ጊዜ ሲጨንቃት የማንንም በር አታንኳኳም። «አይሆንም» ያለችው ደግሞ ምንም ሳትሰማ ትቀራለች። ልጅቷ «ይቅር፣ ምንም አይደለም» ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ትወጣለች፤ ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብላ።

ስለ ትምህርት ቤት የአእምሮ ጤና አማካሪ ሥራ ብዙ ይባላል። እኔ ግን ሥራው በሙሉ በዚያች በበሩና በወንበሩ መካከል ባለች ደቂቃ ውስጥ የታጠፈ ይመስለኛል።

ወሰኑ ከምሥጢሩ ይቀድማል

ከአፍ የወጣ አፋፍ መሆኑን ልጆች ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። ዋስትና የሚጠይቁትም ለዚህ ነው። በእኔ እምነት ልጅቷ ቃል ማስገባቷ መልካም ምልክት ነው፤ ለመናገር ቆርጣለች፣ የቀራት የሚሰማትን ሰው መመዘን ብቻ ነው። ስለዚህ መልሱ «እሺ»ም «አይሆንም»ም ሳይሆን፣ ምሥጢሩ ከመነገሩ በፊት የምሥጢሩን አጥር ማሳየት ነው። እንዲህ፦

«እዚህ የምትነግሪኝ እዚሁ ይቀራል። መምህራንሽ ቢጠይቁኝ አልነግራቸውም፤ ለጓደኞችሽም አላወራም። ዝም የማልልባቸው ሦስት ነገሮች ብቻ አሉ። አንቺ ራስሽን ልትጎጂ እንደሆነ ካወቅኩ፣ ሌላ ሰው ሊጎዳ እንደሆነ ካወቅኩ፣ አንቺን ወይም ሌላ ልጅን ሰው እየበደለ እንደሆነ ከሰማሁ። ያን ጊዜም ቢሆን ከጀርባሽ አልሄድም። ለማን እንደምናገርና ምን እንደምናገር አስቀድሜ ለአንቺ እነግርሻለሁ።»

ይህን ተናግሮ ለመጨረስ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ አንዲት ጥያቄ ትከተላለች፤ «እስኪ የገባሽን በራስሽ አባባል ንገሪኝ።» ይህች ጥያቄ የግድ ናት። የተጨነቀ ልጅ ሳይሰማም ራሱን ይነቀንቃልና። ልጅቷ «ለእናቴ ትነግሪያለሽ ማለት ነው?» ብላ ከመለሰች አልገባትም፤ በጥሞና ደግሞ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ከሦስቱ ወሰኖች ሁለተኛው ያለ ዋጋ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1969 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንዲት ወጣት ሊገድል እንዳሰበ ለሚያክመው የሥነ ልቦና ባለሙያ ተናግሮ ነበር። ባለሙያው ለዩኒቨርሲቲው ፖሊስ አመለከተ፤ ፖሊስም ይዞ አነጋግሮ ለቀቀው። ለልጅቷም ሆነ ለቤተሰቧ የነገረ አልነበረም። ተገደለች። በዚህ፣ በሟቿ ስም ታራሶፍ ተብሎ በሚታወቀው ጉዳይ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1976 የሰጠው ውሳኔ፣ የምሥጢር ከለላ የሌላ ሰው አደጋ በሚጀምርበት ቦታ ያበቃል የሚል ነው። ዝርዝሩ እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል፤ ወላጅ ምን የማወቅ መብት አለው፣ ፍርድ ቤት ምን ሊጠይቅ ይችላል የሚለውን አማካሪ ሥራ ሳይጀምር ማጥናት አለበት።

ነገሩ የሚበላሸው የት ነው? አንዱ፣ ወሰኑን ልጅቷ ተናግራ ከጨረሰች በኋላ ማንሳት ነው፤ ያን ጊዜ ማስጠንቀቂያነቱ ቀርቶ ወጥመድ ይሆናል። ሌላው ወሰኑን ያለ ልክ ማስፋት ነው። «ካሳሰበኝ እናገራለሁ» ያለች አማካሪ ምንም ቃል አልገባችም፤ ሁሉም ነገር ሊያሳስባት ይችላልና። ሲጋራ መሞከር፣ የፍቅር ጉዳይ፣ በፈተና መውደቅ ከሦስቱ ወሰኖች ውስጥ የሉም። አንድ ጊዜ የአንድ ልጅ የፍቅር ጉዳይ ከምክር ክፍሉ ወጥቶ በመምህራን ማረፊያ ከተወራ፣ የዚያ ዓመት ሥራ አበቃ ማለት ነው። ልጆች እንዲህ ያለውን ነገር በአንድ እረፍት ሰዓት ይዳረሱታል።

ወሰኑን ሰምታ ዝም ብትልስ? መጎትጎት አይገባም። «ዛሬ መናገር ግዴታሽ አይደለም፤ ነገ በዚሁ ሰዓት እዚሁ አለሁ» ማለት ይበቃል። ነገር ግን ከመውጣቷ በፊት አንድ ጥያቄ መዝለል አይቻልም፤ «አሁን ከዚህ ስትወጪ በሰላም ትሆኛለሽ?» የመልሱን ቃል ብቻ አትስሙ። ምን ያህል ቆይታ እንደመለሰችም ልብ በሉ።

ስሙን ጠርቶ መጠየቅ

ብዙ መምህራን፣ ብዙ አማካሪዎችም ጭምር «ራስን ማጥፋት» የሚለውን ቃል ለልጅ ማንሳት ሐሳቡን በጭንቅላቱ መዝራት ይመስላቸዋል። ፍርሃቱ ከቅንነት የመጣ ስለሆነ አልነቅፈውም። ግን ተፈትሿል። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ አንድ ጥናት፣ ኒው ዮርክ ውስጥ በሚገኙ 6 ትምህርት ቤቶች ያሉ 2,342 ተማሪዎች በሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ስለ ራስን ማጥፋት ተጠየቁ፣ ግማሾቹ አልተጠየቁም። የተጠየቁት ከሁለት ቀን በኋላ ሲታዩ ጭንቀታቸው አልጨመረም፤ ሐሳቡም ባልተጠየቁት ከታየው አልበለጠም። ከመካከላቸው በድባቴ ውስጥ የነበሩት እንዲያውም ከመጠየቃቸው የተነሳ ቀለል ያላቸው ይመስሉ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ የሚደብቀውን ልጅ የሚረዳው በስሙ ጠርቶ የሚጠይቀው ሰው ነው።

እንዴት እንደሚጠየቅም ወሳኝ ነው። «እንደዚያ ያለ ነገር አታስቢም አይደል?» ማለት «አላስብም በይኝ» ማለት ነው፤ ልጅቷም የተፈለገውን ትመልሳለች። ራስን የማጥፋት አደጋን ለመለየት በብዙ ቦታ የሚሠራበት፣ በአሜሪካው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ስም የሚጠራው የኮሎምቢያ መጠይቅ 6 ጥያቄዎች አሉት፤ ቅደም ተከተላቸውም ትርጉም አለው። በመጀመሪያ ሞቼ በነበር ወይም ተኝቼ ባልነቃሁ ብላ ተመኝታ እንደሆነ፤ ቀጥሎ ራሷን ለማጥፋት አስባ እንደሆነ። ለዚህ «አዎ» ካለች እንዴት ብላ እንዳሰበች፣ ለማድረግ ቆርጣ እንደሆነ፣ ዝርዝር እቅድ አውጥታ እንደሆነ ይጠየቃል። «አላሰብኩም» ካለች ሦስቱ ታልፈው ወደ ስድስተኛው ይኬዳል፤ ሙከራ ወይም ዝግጅት አድርጋ ታውቅ እንደሆነ። ስድስተኛው ለሁሉም ይጠየቃል። ድምፅ ሳይለወጥ፣ ፊት ሳይደነግጥ። ፊቷ የደነገጠ አማካሪ፣ ልጅቷን መልሳ አማካሪዋን ወደ ማጽናናት ሥራ ታስገባታለች።

መልሶቹ ወደ አደጋ ካመለከቱ ልጅቷ ብቻዋን አትቀመጥም፤ መጸዳጃ ቤት እንኳ ብትሄድ ሰው አብሯት ይሄዳል። ስልክ የሚደውለው ሌላ ሰው ነው ወይም እዚያው አጠገቧ ሆኖ ይደወላል። ዛሬ ነገ የማይባል እቅድ ካላት ወደ ሕክምና ነው የሚኬደው። አደጋው እንደዚያ ካልሆነ የደኅንነት እቅድ አብሮ መጻፍ ይቻላል። 6 ደረጃ አለው፦ ሐሳቡ እየመጣ እንደሆነ የምታውቅባቸው ምልክቶች፣ ብቻዋን ሆና ልታደርጋቸው የምትችላቸው የሚያረጋጓት ነገሮች፣ ሐሳቧን ወደ ሌላ ነገር የሚወስዱላት ሰዎችና ቦታዎች፣ ግልጹን ተናግራ እርዳታ የምትጠይቃቸው ሰዎች፣ የባለሙያና የአስቸኳይ ጊዜ ስልኮች፣ በመጨረሻም ቤት ውስጥ ያሉ አደገኛ ነገሮችን ከአጠገቧ ማራቅ። በራሷ የእጅ ጽሑፍ፣ በራሷ ቃል መሆን አለበት። «ስጨነቅ ጥልቅ ትንፋሽ እወስዳለሁ» ብላ አማካሪዋን ለማስደሰት ከጻፈች እቅዱ ወረቀት ነው። «የታናሽ ወንድሜን ፀጉር እሠራለሁ» ካለች ግን ያ ነገር ይሠራል።

አንዳንድ ትምህርት ቤቶች «ራሴን አልጎዳም» የሚል ወረቀት ያስፈርማሉ። ይህ ልማድ እንዲቀር እለምናለሁ። ፊርማው አደጋን እንደሚቀንስ ማስረጃ የለም፤ የሚያረጋጋው አስፈራሚውን ነው። ልጅቷ ሐሳቡ ሲመለስባት ደግሞ «ፈርሜ ነበር» ብላ መናገር ታፍራለች።

ጅምላ መጠይቅ ስለመሙላትም አንድ ነገር ልበል። ለድባቴ መለያ የሚሠራበት ፒኤችኪው-9 ባለፉት 2 ሳምንታት ስለነበረው ስሜት 9 ጥያቄ ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፣ ድምሩ ከ0 እስከ 27 ነው። 10ና ከዚያ በላይ ቀርቦ ማነጋገርን ይጠይቃል። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ መሞትና ራስን ስለ መጉዳት ነው። ዓርብ ከሰዓት ለመላው ክፍል አስሞልቶ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አስገብቶ ሰኞ ማየት ትልቅ በደል ነው። ልጁ ነግሯችኋል፤ እናንተ ግን አልሰማችሁም። ዘጠነኛዋ ጥያቄ በዚያው ቀን፣ ልጁ ግቢውን ሳይለቅ፣ ለሁሉም ወረቀት ትታያለች። ለዚህ የሚበቃ ሰው ከሌለ መጠይቁ አይበተን።

በሩ የት ነው?

ምክር ክፍሉ ከርእሰ መምህሩ ቢሮ ጎን ከሆነ፣ ወደዚያ የሚሄድ ልጅ ሁሉ የተከሰሰ ይመስላል። ከቤተ መጻሕፍት ወይም ከክሊኒኩ አጠገብ ቢሆን ማንም ለምን ሄድክ አይልም። ግድግዳው ድምፅ ማሳለፉን ለመፈተሽ ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንዱ ውስጥ ሆኖ በለሆሳስ ያነብባል፣ ሌላው ኮሪደር ላይ ያዳምጣል። ወንበሮቹ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ጎን ለጎን ዞረው ይቀመጡ፤ ልጅ ሲያለቅስ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቦታ ይፈልጋል። ጠረጴዛ በመካከል አይግባ። ልጁ ወደ በሩ በሚቀርበው ወንበር ይቀመጥ፤ መውጣት እንደሚችል ሲያውቅ ይቀመጣል።

ተማሪን በድምፅ ማጉያ ወደ ምክር ክፍል መጥራት ይቅር። መልእክተኛ ልኮ በክፍል ፊት ማስጠራትም ያው ነው። ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ መልሱ ሲል የሚልከው ዓይነት ትንሽ ወረቀት፣ በተመሳሳይ ቀለም፣ ሰዓቱ ብቻ ተጽፎበት ቢደርሰው ይበቃል። ሰዓቱም በየሳምንቱ ከአንድ የትምህርት ዓይነት ላይ አይቆረስ፤ ልጁን ከጭንቀቱ ስናወጣ በሒሳብ እንጥለዋለን።

ልጅቷ ከወጣች በኋላ መምህሯ መጥቶ «ምን አለችሽ?» ይላል። ብዙ ጊዜ አስቦላት ነው። መልሱ «ልነግርህ አልችልም» ብቻ ከሆነ መምህሩ ይቀየማል፤ ሌላ ጊዜ ልጅ አይልክም። ልጅቷን አስፈቅዶ የሚያስፈልገውን ብቻ መስጠት ይሻላል፤ «ለሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት የቤት ሥራ ብታዘገይ አትቆጣት፤ በክፍል ፊትም አታስነሳት።» መምህሩ የሚያደርገው ነገር ካገኘ ምክንያቱን አጥብቆ አይጠይቅም።

ማስታወሻ ሲጻፍ ልጁ ያለው በራሱ ቃል፣ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይሰፍራል፤ የአማካሪው ግምት ለብቻ። በተለይ ልጅ በሰው ተበድያለሁ ካለ፣ አማካሪ መርማሪ አይደለም። «እሱ ነው እንዲህ ያደረገሽ?» ብሎ መጠየቅ መልስ አፏ ውስጥ መክተት ነው፤ ኋላ በፍርድ ቤት የልጅቷ ቃል የሚፈርሰው በዚህ ነው። «ከዚያስ ምን ሆነ?» ይበቃል። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቃሏ ተጽፎ በዚያው ቀን ለሚመለከተው አካል ይደርሳል። በዳዩ ከቤት ከሆነ ደግሞ ለዚያ ቤት አስቀድሞ አይደወልም።

አንድ ሰው፣ አንድ ሺህ አምስት መቶ ልጅ

የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች ከ7ቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ይገምታል። 42 ልጆች ባሉበት ክፍል 6 ማለት ነው። 1,500 ተማሪ ባለበት ትምህርት ቤት ደግሞ 214 ያህል። አማካሪው አንድ ከሆነና በቀን 5 ልጅ፣ ለእያንዳንዱ 40 ደቂቃ ቢያነጋግር በሳምንት 25 ይሆናል። 214ቱን ስድስት ስድስት ጊዜ ላግኛቸው ቢል ከ51 ሳምንት በላይ ይፈጅበታል። የትምህርት ዘመኑ ግን ቀድሞ ያልቃል። የአሜሪካ የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር ለ250 ተማሪ አንድ አማካሪ፣ ከጊዜውም 80 በመቶው ለተማሪ አገልግሎት ይዋል የሚለው ወዶ አይደለም።

እንዲህ እያለም ያ አንድ ሰው ፈተና ይቆጣጠራል፣ የቀረ መምህር ይተካል፣ አርፋጅ ይመዘግባል። ከሁሉ የከፋው ተማሪ እንዲቀጣ መደረጉ ነው። ጠዋት በር ላይ ቆሞ ዩኒፎርም ያልለበሰውን የመለሰ ሰው፣ ከሰዓት «ንገረኝ ልጄ» ቢል ማን ይነግረዋል? ትምህርት ቤቶች ይህን የሚያደርጉት ከክፋት ሳይሆን ከሰው እጥረት መሆኑን አውቃለሁ። ግን ቅጣትን ለማንም ይስጡት፤ ለአማካሪው ብቻ አይሁን።

ሰው ባልበዛበት ቦታ የሚያዋጣው ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ከአእምሮ ጤና ችግሮች ሲሶ ያህሉ 14 ዓመት ሳይሞላ ይጀምራሉና፣ ስለ ስሜት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ጓደኛ ሲጨነቅ ምን እንደሚደረግ የሚያስተምር ክፍለ ጊዜ ለሁሉም ክፍል ይሰጣል። ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው፣ ለምሳሌ ሰው የሞተባቸው ወይም ፈተና የሚያንቀጠቅጣቸው፣ ከ6 እስከ 8 ሆነው በቡድን ይገናኛሉ። ለብቻ መነጋገሩ ለቀሩት ይተርፋል። ድምፅ የሚሰማው፣ ምግብ እየተወ የከሳ፣ ለቀናት ሳይተኛ ጉልበቱ የማያልቅ ልጅ ግን የአማካሪ ሥራ አይደለም፤ ወደ ሐኪም ይላካል። መላክ ሲባል ወረቀት አስይዞ መሸኘት አይደለም። ቀጠሮው እዚያው አብሮ ይያዛል፣ ከሳምንት በኋላም ደርሶ እንደሆነ ይጠየቃል። የሚጠፉት ልጆች በአብዛኛው በዚያች ሳምንት ነው የሚጠፉት።

ሦስተኛው ወንበር

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ወሰኑን ሰምታ፣ በራሷ ቃል ደግማ፣ ተቀመጠች እንበል። ተናገረች። ነገሩም ከሦስቱ አንዱ ሆነ። አሁን አማካሪዋ «ይህ ዝም የማልልበት ነው ያልኩሽ ነገር ነው» ትላለች። ልጅቷ ታለቅሳለች፤ «ነግሬሽ ባልነበር» ልትል ትችላለች። በዚህ ጊዜ ይነገራል ወይስ አይነገርም የሚለው አይጠየቅም፤ መልሱ ታውቋል። የሚጠየቀው ሌላው ነው። «ከቤት ለማን ይነገር? ለእናትሽ ወይስ ለአክስትሽ? አንቺ ትነግሪያታለሽ ወይስ እኔ ልጀምርልሽ? እያለሽ ይሻላል ወይስ ውጪ ትቆያለሽ? እንዳልናገረው የምትፈልጊው ዝርዝር አለ?» የመጨረሻዋን ጥያቄ ብዙዎች ይረሷታል። እናት ማወቅ ያለባት ልጇ አደጋ ላይ መሆኗን ነው፤ ስለ ማን ብላ እንደተጎዳች ልጅቷ በራሷ ጊዜ ትናገራለች።

እናት ስትደርስ መጀመሪያ የሚወጣት ቁጣ ሊሆን ይችላል። «ምን አጎደልኩብሽ?» ትላለች። አማካሪዋ ያንን ቁጣ ወደ ራሷ ትቀበላለች፤ «ደንግጠው ነው፤ ማንም ይደነግጣል። ልጅዎ ዛሬ ትልቅ ነገር አድርጋለች፣ ተናግራለች» ብላ። ከዚያ ወደ ተግባሩ ይገባል። ቤት ውስጥ ያለው መድኃኒትና የተባይ መርዝ የት ነው የሚቀመጠው? ቁልፉ ማን ዘንድ ነው? ሐኪም ጋ ማን ይወስዳታል፣ በስንት ሰዓት? እናትየዋ ዛሬ ማታ ከልጅቷ አጠገብ ማን እንደሚያድር ትናገራለች፤ አማካሪዋ ትጽፋለች፤ ወደ ምክር ክፍሉ በስንት ሰዓት እንደምትመለስ ግን ልጅቷ ራሷ ትመርጣለች።